የክንፉ ለቅሶ

በዚህች ከተማ ጥሎ የሄደ ሰው ሲመለስ አድራሻው ይጠፋበታል። ቦሌን ሁለት ወር ሳትረግጡ ቆዩና ተመለሱ፤ ጫማችሁን የምታስጠርጉበት ጥግ ወይ ፎቅ በቅሎበታል ወይ አበባ ተተክሎበታል። ምን ይደረግ፣ ከተማ ነው፤ ይፈርሳል፣ ይሠራል። ተረትም እንዲህ ያደርጋል ብሎ ግን ማን ጠረጠረ? እኔ አልጠረጠርኩም። ይህን የምጽፈውም ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

አባታችን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ጽዳት ሠራተኛ ነበር። መንገደኞች ወንበር ላይ ጥለዋቸው የሚወርዱትን ባለ ሥዕል መጽሔቶች ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለሰሎሞን ያመጣልን ነበር። በሰማይ እየበረረ ክፉዎችን የሚቀጠቅጥ የአንድ ባለ ካባ ጀግና ታሪክ ነው። እንግሊዝኛ የት እናውቃለን? ሥዕሉን እያየን ንግግሩን ራሳችን እንሞላለን። ካባው ክንፍ ስለሚመስል ጀግናውን ክንፉ አልነው። ጠላቱን በማን ስም እንደጠራነው አልነግራችሁም፤ የያኔው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጆች ዛሬ ሲኤምሲ ጎረቤቶቼ ናቸው።

በመጨረሻው መጽሔት መጨረሻ ገጽ ላይ ክንፉ ኃይሉን ተነጥቆ፣ ሕፃን ልጅ እንዳቀፈ ከፎቅ ቁልቁል ይወድቃል። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል፤ መዝገበ ቃላት ገልጬ የፈታሁት የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ይኸው ነው። ምን ያደርጋል፣ አባታችን ሌላ ክፍል ተዛወረና መጽሔቱ ቀረ። እኔ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ተመለጥኩ፤ ክንፉ ገና እየወደቀ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ መጽሔቶቹን በላስቲክ ተጠቅልለው አየኋቸው። ክንፉ! ካባው ያው ነው፤ ጡንቻው ግን ጨምሯል። ለሻጯ ልጅ ያንን ገጽ አስረዳኋትና፣ ለመሆኑ ተርፏል ወይ አልኳት። ተርፏል ወይም አልተረፈም ብትለኝ ምን ነበረበት? «የትኛው እሱ?» አለችኝ። ስንት እሱ አለ? «ታሪኩ ሪቡት ተደርጓል እኮ፣ ከዜሮ ነው የጀመረው። በእርስዎ ጊዜ የነበረው ወደ ሌላ ዓለም ሄዷል።»

ወደ ሌላ ዓለም ሄደ! ይህ ለአገሬ ሰው ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ነፍስ ይማር ብዬ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ልጅቷ ሌላ ነገር ልትጨምር ነበር፤ እኔ ግን መርዶ ከሰሙ በኋላ ዝርዝር መጠየቅ ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። የሱቁን ካርድ ብቻ ተቀብያት ወጣሁ።

ሰሎሞን የሚኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ውድነሽ ናት። ለሰሎሞን ንገሪው፣ ክንፉ አርፏል፣ ከፎቅ ወድቆ ነው አልኳት። «ውይ! ውይ! ውይ!» ብላ ጮኸች። እኔ ሞኙ፣ ለካ ወንድሜ ስለ ክንፉ ነግሯታል፣ እንዴት ያለች ሆደ ቡቡ ሴት ነው ያገባው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ክንፉ የሚባል ዘመድ በየቤቱ እንደማይጠፋ እንዴት ረሳሁት?

ከቦሌ ሲኤምሲ ያለውን መንገድ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ንፍሮ ይበስልበታል። በስሎም ጠበቀኝ። ውድነሽ የብሎኳን ሴቶች በሚኒባስ ጭና፣ ንፍሮውን ይዛ ቀድማኝ ቤቴ ደርሳለች። ሳሎኔ በጥቁር ነጠላ ተሞልቷል። ሰሎሞን የትኛው ክንፉ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ይነፈርቃል። እጁን ይዤ መኝታ ቤት አስገባሁትና እውነቱን ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እንባውን ጠረገ። ከዚያ፣ «ሕፃኑስ?» አለኝ።

ሕፃኑስ! ጉደኛው እኔ እሱን ሳልጠይቅ መጥቻለሁ። ካርዱን አውጥቼ ደወልኩ። ልጅቷ ሳቀች። «ኧረ አልሞተም! ሌላ ዓለም ያልኩዎት ሌላ ዩኒቨርስ፣ ጎን ለጎን ያለ ሌላ ታሪክ ማለቴ ነው፤ እዚያ በሰላም አለ። ደግሞስ ስንቴ ሞቶ ተነሥቷል!» ሕፃኑስ አልኳት። «እሱማ በአዲሱ ታሪክ ጭራሽ አልተወለደም።»

ደሜ ፈላ። ዕድሜያችንን ሙሉ መሬት እንዳይነካ ስንሳሳለት የኖርነው ልጅ አልተወለደም? የሞተውን ያስነሣሉ፣ ያልሞተውን ይሰርዛሉ፤ ይህ በየት አገር ያለ ደንብ ነው? እኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው አንዴ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ አበቃ። ሞቶ የሚመላለስ አባል ቢኖር እኮ እድሩ ራሱ ይከሰዋል!

ከመኝታ ቤት ስንወጣ ውድነሽ በሩ ላይ ቆማለች። ክንፉ አልሞተም፣ የመጽሔት ሰው ነው አልኳት። ወገቧን ይዛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ በናትህ እንዳታዋርደኝ። ሰው ከአራብሳ ድረስ መጥቷል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፤ የሆነ ሰው መሞት አለበት!» አለችኝ።

ከሰሎሞን ጋር ተያየን። ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ የሞተው ሕፃን ልጅ ነው፣ ክንፉ አቅፎት ከፎቅ ሲወድቅ ነው አላቸውና እንደገና አለቀሰ። የእውነቱን ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ከመሃላቸው አንዲት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ ታዲያ ክንፉ ራሱ የት አለ፣ እሱን እናጽናናው እንጂ አሉ።

ልጅቷ የነገረችኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስኩላቸው።

«ወደ ሌላ ዓለም ሄዷል።»

ለቅሶው ሪቡት ተደረገ።