የመሰከረብኝ ግድግዳ

ዛሬ በሰው ፊት ማን እንዳዋረደኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የገዛ ቤቴ ግድግዳ!

ኧረ አትሳቁ። ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

በዚህ ገጽ የምታውቁኝ በምክሬ ነው። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደልን ከሱቅ ታፔላ ላይ ለምጄ፣ ዛሬ የጂንካን ታፔላ ግማሹን የጻፍኩ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ስለ ታማኝነት የለጠፍኩትንም ብዙዎቻችሁ ሼር አድርጋችሁታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ጉዱን ስሙ።

ልጄ ምህረት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ውጭ አገር ለመሥራት መመዝገብ ትፈልጋለች። ታዲያ ምዝገባው ስምና ስልክ መሙላት እንዳይመስላችሁ! ዲግሪዋን፣ የሥራ ልምዷን፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቷን ሁሉ ልካለች። የቀራት አንድ ነገር ነው። አንድ ሕመምተኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንዳከመች በዝርዝር ትጽፋለች፤ አለቃዋም ሕመምተኛውን በዓይኗ አይታ ትፈርምበታለች።

ሕመምተኛው ማን ይሁን?

እኔ!

ሠላሳ ዓመት መሰላል ላይ ብሩሽ ይዞ ሲዘረጋ የኖረው ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ ካለኝ ቆይቷል። ምህረት ለካችኝ፣ ጻፈች። ከዚያም ጣቶቼን እንደ ጉንዳን ግድግዳው ላይ እያስኬድኩ ክንዴን ወደ ላይ እንዳወጣ አሳየችኝ። በቀን ሦስት ጊዜ። በሠራሁ ቁጥር ወረቀት ላይ ራይት ማድረግ አለብኝ። ይኸው ነው። እሷ ለስድስት ሳምንት ሥራ ወደ ኦሞራቴ ሄደች።

እኔ ግድግዳውን ነጭ ቀብቼ ከታች ወደ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩበት። በቀይ ቀለም፣ ከጥቁር ጥላ ጋር! ሃያን የጻፍኩት በግራ እጄ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ነው።

ኤክሰርሳይሱን ግን በሦስተኛው ቀን ተውኩት። ያማል!

ራይቱን አልተውኩም። “ማታ እሠራዋለሁ” እያልኩ ጠዋት ራይት፣ ቀን ራይት። እሁድ እሁድ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክላታለሁ። “ጎበዝ አባዬ!” ትለኛለች። በጽሑፏም “ሕመምተኛው የታዘዘውን በታማኝነት ይፈጽማል” ብላ አስገባችልኝ።

በታማኝነት!

ዛሬ ጠዋት ከአለቃዋ ከወይዘሮ አስቴር ጋር መጣች።

“እስቲ ጋሼ፣ ክንድዎን ያንሱልኝ” አለች ወይዘሮ አስቴር።

አነሳሁ። ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት፤ ቀስ ብዬም ተረከዜን አነሳሁ።

“ተረከዝዎን መሬት ያድርጉ።”

“ዛሬ ብርድ መትቶኝ ነው” አልኩ። ሁለተኛ ውሸት! ቁጠሩልኝ።

ምህረት ግድግዳው ፊት ሄዳ ቆመች። የእኔ ጣት በጋዝ ቢታጠብም ከቀለም አይጠራም። በሩም፣ ብርጭቆውም፣ መጽሐፍ ቅዱሴም ላይ አሻራዬ አለ። ግድግዳው ላይም ከአንድ እስከ ስድስት ድረስ አለ። ከሰባት እስከ ሃያ ያለው ግን ልክ እንደተቀባ ነው። ነጭ!

“አባዬ፣ ከስድስት በላይ የወጣኸው ጓንት አድርገህ ነው?”

ሚስቴ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። “የሰውን ውሸት በሜትር የምትለካ ሰውዬ! ዛሬ ተለካህ!”

ምህረት ግን አልሳቀችም። ፋይሉ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው። ሌላ ሕመምተኛ ለመጀመር ጊዜ የላትም። “እውነቱን ንገረኝ፤ እንድሄድ አትፈልግም?” አለችኝ።

“አልፈልግም። ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። አሞኝ ተውኩት። ከዚያ ጎበዝ ስትይኝ ደስ አለኝ።”

ይህን በዚህ ዕድሜ እንግዳ ፊት መናገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ?

ወይዘሮ አስቴር የምህረትን ጽሑፍ አገላበጠች። “‘ሕክምናው እንዳሰብሽው ሳይሄድ ሲቀር ምን አደረግሽ?’ የሚለውን ባዶ ትተሽዋል።”

“ምን ልጻፍ? ሁሉም ደህና ነበራ!”

“አሁንስ?”

ልጄ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መቼ እንደሚያመኝ፣ የቱ ጋ እንደሚይዘኝ ጠየቀችኝ። በስድስት ሳምንት ራይት ያልነገርኳትን በሩብ ሰዓት ነገርኳት። ትእዛዙን ቀየረችው። መጀመሪያ ሙቅ ፎጣ፣ ከዚያ ለጊዜው እስከ ሰባት ብቻ። ባዶው ቦታ ላይም እንዲህ ብላ ጻፈች፤ “ሕመምተኛው አልሠራም። እኔም ያምህ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም።”

ጥፋቴን ግማሹን ተሸከመችልኝ።

ወይዘሮ አስቴር ግን አልፈረመችም። “በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ። አሥር ላይ አሻራዎን ካየሁ እፈርማለሁ፣ ጋሼ።”

እንግዲህ የልጄ ምዝገባ የቆመው በእኔ ጣት ላይ ነው። እስክሪብቶው ተወስዶብኛል። ራይት የምታደርገው ሚስቴ ናት፣ ያውም አጠገቤ ቆማ እያየች።

ከሰዓት በኋላ ሠራሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግን ሰባት ላይ አሻራ አለ!

አንድ ቁጥር በወጣሁ ቁጥር ልጄ አንድ እርምጃ ትርቀኛለች። ቢሆንም እወጣለሁ።

አሁን እናንተ ምከሩኝ፤ ለአንድ ቀን እንኳ መካሪነቱን ልቀቅላችሁ። ያንን የቅዳሜውን ጽሑፍ ላጥፋው፣ ወይስ እዚያው ተሰቅሎ ያሳፍረኝ?