ጌንዱት ዶሮ መጥራቱን እንዲተው የተወሰነበት ስብሰባ

የክላተን የሙራይ ወፍ ዜማ አስተማሪዎች ኮሚቴ
ቃለ ጉባኤ ቁጥር 19

ቀን፦ እሑድ፣ ሻዕባን 8 ቀን 1445 ዓመተ ሂጅራ
ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡50፣ ከአስር ሰላት መልስ
ቦታ፦ የቡ ሩክሚኒ በረንዳ (የኮሚቴው ቢሮ ጣሪያ አሁንም ስለሚያፈስ)

የተገኙ፦
1. ፓክ (አቶ) ሐጂ ሙርሲዲ፣ ሊቀመንበር፣ በጡረታ የተገለሉ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ
2. ቡ (ወይዘሮ) ሩክሚኒ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የበረንዳው ባለቤት
3. ፓክ ዋሉዮ፣ የዜማ ጥራት ኃላፊ፣ የወፍ ውድድር ዳኛ
4. ምባክ (እህት) ራትሪ፣ የቡ ሩክሚኒ የእህት ልጅ፣ የኢንተርኔት ኃላፊ
5. ንጋቲማን፣ ጸሐፊ፣ ይህን የሚጽፈው

ያልተገኙ፦ ፓክ ስላሜት፣ ልጃቸውን ስለሚድሩ በፈቃድ። ፓክ ካርዲ፣ ያለ ፈቃድ። የፓክ ካርዲ ቤት ከበረንዳው ይታያል፤ እሳቸውም ይታያሉ።

ከሰባት አምስት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጌንዱት የተባለው የጸሐፊው ሙራይ ወፍም በቀርከሃ ቀፎው ሆኖ፣ ጨርቁን ለብሶ ቀርቧል። ፓክ ዋሉዮ እሱ ቢቆጠር ስድስት እንደሚሞሉ አሳስበው፣ ሊቀመንበሩ «ዋሉዮ፣ ገና ሳንጀምር?» ብለዋል። ወፉ አልተቆጠረም።

በፋቲሓ ጸሎት ተከፈተ። የመክሰስ ሳጥን ለእያንዳንዱ ተሰጠ።

አጀንዳ 1፦ ኮርስ መሸጥ ትቶ ወደ ወርሃዊ አባልነት ስለ መሻገር

ምባክ ራትሪ እንዳስረዳችው፣ ኮሚቴው እስከ ዛሬ በኢንተርኔት የሚሸጠው «ወፍዎ በአርባ ቀን ይዘምራል» የተባለ አሥራ ሁለት ትምህርት ያለው ኮርስ ነው። ሰው አንዴ ይገዛል፤ ያያል፤ ይጨርሳል፤ ይሄዳል። ሲሄድም ለአማቹ ያውሰዋል። አባልነት ከሆነ ግን በየወሩ ይከፍላል፣ በየእሑዱ በቀጥታ ይማራል። «ኮርስ ማለት ውሃ በጀሪካን መሸጥ ነው፤ አባልነት ግን ቧንቧ መዘርጋት ነው» ብላለች።

ሊቀመንበሩ ታዲያ ትምህርቱ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁ።

«አያልቅም ፓክ። ጥሩነቱም እሱ ነው።»

ሊቀመንበሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ላይ ሲሠሩ መድረሻ ለሌለው መንገድ ትኬት ተቆርጦ አይተው እንደማያውቁ ገለጹ። ቡ ሩክሚኒ «ሐጂ፣ የእርስዎ አውቶቡስማ መድረሻ ቢኖረውም መች ይደርስ ነበር» አሉ። ሊቀመንበሩ ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። ይሰረዛል።

ጸሐፊው በበኩሉ፣ ተማሪ እንዳይጨርስ ተደርጎ የሚሰጥ ትምህርት በአላህ ፊት እንዴት እንደሚታይ ለመጠየቅ አስቦ ነበር። ሻይ ስለመጣ አልጠየቀም። በኋላ ሲያስበው ሻዩ ምክንያት እንዳልነበረ ተረድቷል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ወደ አባልነት ለመሻገር በሙሉ ስምምነት ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ አባሉ ማን እንደሆነ ስለ መለየት

ላለፉት አራት እሑዶች የተደረገው የሙከራ አባልነት ሪፖርት ቀረበ። ሠላሳ ስምንት ሰው ተመዝግቧል። በመጀመሪያው እሑድ ምባክ ራትሪ የቪዲዮውን መስመር ስትከፍት በሠላሳ ስምንቱም መስኮት የታየው የወፍ ቀፎ ነው። ሰው አልነበረም። አባላቱ ትምህርቱ የወፉ መስሏቸው ቀፎውን ስልኩ ፊት ሰቅለው ወደ እርሻቸው ሄደዋል። ሌሎቹ ሦስት እሑዶችም እንደዚሁ ነበሩ።

ፓክ ዋሉዮ ወፍን ፌንጣ ስለ መመገብ አንድ ሰዓት ሙሉ ለወፎች ብቻ ማስተማራቸው እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። «አንዱ ብቻ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ እሱም ቅማል በልቶት ነው።»

ቡ ሩክሚኒ ክፍያው በሰው ይሁን በወፍ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ሦስት ወፍ ያለው ሰው እንደ ሦስት ይቆጠር እንደሆነ፣ ወፉ ቢሞት ደግሞ አባልነቱ ለታናሽ ወንድሙ ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቁ። ፓክ ዋሉዮ ወፎቹ የመግቢያ ፈተና ይውሰዱ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ማን እንደሚያርም ሲጠየቁ እንደሚያስቡበት ተናገሩ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦ አባሉ ወፉ እንዲሆን፣ ባለቤቱ በአሳዳጊነት እንዲመዘገብ፣ አሳዳጊውም ያለ ወፉ ትምህርት መግባት እንዳይችል ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጌንዱት ዜማ ጭራ

ይህ አጀንዳ ጸሐፊውን ስለሚመለከት ሊቀመንበሩ ሌላ ሰው እንዲጽፈው ጠይቀው ነበር። የሌሎቹ ጽሕፈት ስለማይነበብ ጸሐፊው ቀጠለ።

የኮርሱ ዜማ ሁሉ የተቀዳው ከጌንዱት ነው። ጌንዱትን ከጫጩትነቱ ጀምራ በወጥ ቤቷ መስኮት ላይ ያሳደገችው የጸሐፊው ባለቤት ሱቲናህ ናት፣ አላህ ይዘንላት። ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቿን ስትጠራ «ኩር… ኩር… ኩር-ር-ር» ትል ነበር፤ መጨረሻው ላይ ድምጿን ከፍ ታደርገዋለች። ወፉ ይህንኑ ያዘ። ዜማውን ሁሉ አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ በመጨረሻ እሷ እንደምትለው አድርጎ ዶሮ ይጠራል። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል። በቤቱ ውስጥ አሁን ዶሮ የለም። ጥሪው ግን በየማለዳው አለ።

ፓክ ዋሉዮ እንዳስረዱት ይህ የዜማው ጭራ በውድድር ሕግ ከባድ ጥፋት ነው። በኮርሱ ላይ ምባክ ራትሪ በመቀስ እንደሚቆረጥ ስትቆርጠው ኖራለች። በቀጥታ ትምህርት ግን መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ጌንዱት አርባ ቀን ፓክ ዋሉዮ ቤት እንዲቀመጥ፣ ቀፎው እንደተሸፈነ ከንጋት እስከ ምሽት የሌላ አሸናፊ ወፍ ዜማ እንዲሰማ፣ ጭራውንም እንዲረሳ ሐሳብ ቀረበ።

ቡ ሩክሚኒ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ያስታውሰው እንደሆነ ጠየቁ። ፓክ ዋሉዮ «አንዴ ከረሳ ረሳ ነው» አሉ። ጸሐፊውንም «ፓክ ንጋቲማን፣ እንደ ልጄ ነው የማየው። አይከፋዎትም አይደል?» ብለው ጠየቁት።

ጸሐፊው እንደማይከፋው፣ ለኮሚቴው የሚበጀው ለእሱም እንደሚበጀው መለሰ። ፈገግ አለ። እጁንም አነሳ።

በሙሉ ስምምነት ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ውሳኔዎቹን ለአባላት ስለ ማሳወቅ

ከቀኑ 11፡10 ምባክ ራትሪ መስመሩን ከፈተች። ሠላሳ ስምንት ቀፎ ታየ። ሊቀመንበሩ ለወፎቹ ሰላምታ አቅርበው፣ ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ሁለት ጊዜ ሳሉ። በዚህ ጊዜ አሥራ አንድ ወፎች ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሉ።

ቡ ሩክሚኒና ምባክ ራትሪ ሳቁ። ሊቀመንበሩ እንደገና ሳሉ። ወፎቹም እንደገና ሳሉ።

ከአንዱ ቀፎ ጀርባ ፓክ ጊማን የተባሉ የላሞንጋን ሰው ብቅ አሉ። ከሙከራው መጀመሪያ አንስቶ የታዩ የመጀመሪያው ሰው በመሆናቸው ፓክ ዋሉዮ ደነገጡ። ፓክ ጊማን በቁጣ የተናገሩት እንደሚከተለው ነው፦ «ትስቃላችሁ? ወፌን ባለፈው ሳምንት ውድድር አስገባሁት። ዘመረ፣ ዘመረ፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳለ። ከሳለ በኋላ ኩር-ኩር ብሎ የመንደሩን ዶሮ በሙሉ ዳኛው እግር ሥር ሰበሰበው! ዳኛው ወንበር ላይ ወጥቶ ነው ነጥብ የሰጠኝ። እሱንም ዜሮ!»

ፓክ ዋሉዮ ዳኛው ማን እንደነበር ጠየቁ። ጉዳዩ ያ እንዳልሆነ ተነገራቸው።

ሲጣራ፣ ሃያ ዘጠኝ ወፎች በአራቱ እሑዶች በቀጥታ የዘመረላቸውን የጌንዱትን ጭራ ይዘዋል። የሚስሉት ሳልም በየእሑዱ ትምህርቱን የሚከፍቱት የሊቀመንበሩ እንደሆነ ተረጋግጧል፤ ሊቀመንበሩ ግን አልተቀበሉትም።

ቀጥለው ቡ ፖኒየም የተባሉ የብሊታር ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ባሌ ጓሮ ነው፣ ቶሎ ልናገር። ወፉ የእሱ ነው፣ ዶሮዎቹ የእኔ ናቸው። ማታ ማታ ዶሮ ስሰበስብ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። አሁን ወፉ ይጠራቸዋል፣ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። እባካችሁ፣ ይሄን እንዳታስጠፉብኝ። ደግሞ ልጠይቅ፦ ጥሪው የሴት ጥሪ ነው። የማናት?»

ቡ ሩክሚኒ መለሱ፦ «የሱቲናህ ነው። የጸሐፊያችን ባለቤት ነበረች። አርፋለች።»

ቡ ፖኒየም «እኔ እኮ በየማታው እመርቃታለሁ፤ ስሟን ስለማላውቅ ‹ያቺ ሴትዮ› እያልኩ ነበር» አሉ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው ለመናገር ዕድል ጠየቀ። በአሥራ ዘጠኝ ስብሰባ የመጀመሪያው ስለሆነ ሊቀመንበሩ ጥያቄውን እንዲደግም አደረጉት።

ጸሐፊው የተናገረው በራሱ እጅ እንደሚከተለው ተጽፏል። «በአጀንዳ ሦስት ላይ ያነሳሁት እጅ ዋሽቷል። ሰው ፊት ‹አይሆንም› ማለት እናቴ አላስተማረችኝም፤ እኔም በስልሳ ሦስት ዓመቴ ራሴን አላስተማርኩም። እሷ በሕይወት ሳለች ስለ እኔ አይሆንም የምትለው እሷ ነበረች። አርባ ቀን ቀርቶ አንድ ቀንም አልሰጥም። ጌንዱት ወደ ቤቱ ይሂድ። ይቅርታ።»

ሁሉም ፓክ ዋሉዮን ተመለከቱ። ፓክ ዋሉዮ የመክሰስ ሳጥናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ ምነው ቀድመው አልተናገሩም? እኔስ ቤቴ ቦታ የት አለና! ሦስት የልጅ ልጅ፣ አንዲት አማት፣ አሥራ ሰባት ወፍ! እወስደዋለሁ ያልኩት ራትሪ የደከመችበት አባልነት በእኔ ምክንያት እንዳይፈርስ ብዬ ነው።»

ምባክ ራትሪ አባልነቱን ያመጣችው ሽማግሌዎቹ አዲስ ኮርስ መቅረጽ ሰልችቷቸዋል ብላ አዝናላቸው እንጂ ለራሷ ኮርሱን እንደምትወደው ተናገረች፦ «አክስቴ ‹ግሩም ነው› ስላሉኝ ነው የቀጠልኩት!»

ቡ ሩክሚኒ ግሩም ነው ያሉት የእህታቸው ልጅ በሰው ፊት እንዳታፍር መሆኑን ገለጹ። ሊቀመንበሩም ከመጀመሪያው መድረሻ የሌለው ነገር እንዳልገባቸው፣ የተስማሙት ግን ሌሎቹ ሁሉ የገባቸው ስለመሰላቸው እንደሆነ አስታወቁ። «ስለዚህ» አሉ፣ «ከእኛ መካከል ይህን ነገር የፈለገ ማን ነው?»

ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አሉ። ፓክ ጊማን ከላሞንጋን «እኔም አልፈለግኩም!» ብለው ጮኹ። ሐሳባቸው በአሳዳጊነት ተመዝግቧል።

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ኮሚቴው እንደ ድሮው መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን ኮርስ ይሽጥ።

ለ. ወፍ አባል መሆኑ ቀርቶ ወፍ ይሁን።

ሐ. ሠላሳ ስምንቱ ይሰናበቱ። (ቡ ፖኒየም በየእሑዱ ከመምጣት እንደማይቀሩ አሳውቀዋል። ምንም የሚመጡበት ነገር እንደማይኖር ተነግሯቸዋል። «እሱን እናያለን» ብለዋል።)

መ. ጌንዱት ከጭራው ጋር ጸሐፊው ቤት ይቀመጥ፤ ጭራውም ከእንግዲህ ከኮርሱ ላይ አይቆረጥ።

በተራ ቁጥር «መ» ላይ ፓክ ዋሉዮ በዳኝነታቸው እንደሚቃወሙ፣ በጎረቤትነታቸው ግን እንደሚስማሙ ገልጸው ሁለቱም እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ሁለቱም ተጽፏል። አክለውም፣ በመጨረሻው፣ በአሥራ ሁለተኛው ትምህርት ላይ የአስተማሪ ስም መጻፍ ደንብ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ የእሳቸው ስም ብቻ መኖሩ ልክ እንዳልነበረ ተናገሩ። «ጭራው ጥፋት ነው፣ ጥፋትነቱን አልክድም። ግን አስተማሪ አለው። ይጻፍ።»

ሊቀመንበሩ እያንዳንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ «የእውነትህን ነው?» «የእውነትሽን ነው?» እያሉ በየተራ ጠየቁ። ጊዜ ወሰደ። ሁሉም የእውነቱን እንደሆነ አረጋገጠ።

ስብሰባው የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ 12፡02 ላይ ተበተነ። የሰማሁትን ጽፌአለሁ፤ ያልሰማሁትን አላህ ሰምቶታል።

ንጋቲማን፣ ጸሐፊ

ማስታወሻ ለምባክ ራትሪ፦ በትምህርት አሥራ ሁለት ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው። አስተማሪዎች፦ ዋሉዮ እና ሱቲናህ። አጻጻፉ በሁለት «ህ» አይደለም፣ በአንድ ነው። ከፈለግሽ ነገ መጥተሽ መታወቂያዋን እይ፤ ጠረጴዛው ላይ አወጣዋለሁ። ስትመጪ በማለዳ ይሁን፤ እሷንም ትሰሚያታለሽ።