የማዘርቦርዱ ትንሿ ሶኬት

ሁሉንም ልክ እንደነበረው አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ሽማግሌ ነኝ፤ ቀኑን ከቀን ላምታታ እችላለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቡታጅራ ልብስ ስሰፋ፣ ክር ከጨርቅ ሳመሳስል ኖሬያለሁና በኮምፒውተሩ ሽቦዎች ቀለም እንኳ እመኑኝ።

ልጄ ኑረዲን ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ ተወ። "አባ፣ አማና ነው፣ አደራ። እንዳይበላሽ አልፎ አልፎ አብራው" አለኝ። የራስህ ዕቃ ቢሰበር ታዝናለህ፤ አማና ሲሰበር ግን እንቅልፍ የለም። ስለዚህ በየዓርቡ ከጁምዓ ስመለስ አበራዋለሁ። ማራገቢያው እርርር ይላል። ሰምቼው አጠፋዋለሁ። ሌላ ምን ላድርግበት?

ኑረዲንም የሚደውለው ዓርብ ነው። ደህና ነህ አባ? አልሐምዱሊላህ። ጤናስ? አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ለካ የአባትና የልጅን ወሬ የምታቀብለው እናት ኖራለች። እሷ ደግሞ አኼራ ሄዳለች።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጧ አለና የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እየፈራሁ ለኑረዲን ነገርኩት። አልተቆጣም። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ መብራቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን፤ ፈተህ ወልቂጤ ውሰደውና አምሳያውን ግዛ አለኝ። በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ ያለች ሴት ምንድን ነው አባባ ብትለኝ፣ የልጄ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ነው አልኳት። "አላህ ያሽረው" ብላ እንዳይናጥ ቦታ ለቀቀችልኝ።

አዲሱን ይዤ ስመለስ ጭንቁ ጀመረ። ሽቦው እንደ አንጀት ነው። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳውን ትልቅ መሰኪያ በቀላሉ ተቀበለ። ኑረዲን ግን አስጠነቀቀኝ። ከትልቁ ተገንጥሎ የሚወጣ ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ አለ፤ ለብቻው የሚመጣ ሌላ ባለ አራት ቀዳዳም አለ። ካምታታሃቸው ሰሌዳው ይቃጠላል አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱን መጠየቅ ሆነ። ቀዩ የት ነው? ብርቱካናማውስ? ኑረዲን በየቀኑ መደወል ጀመረ። ፎቶ እልክለታለሁ።

"አባ፣ ሸሚዝ እየቆለፍክ ነው እንዴ?"

"ሸሚዝማ ቁልፉ ቢሳሳት አይቃጠልም።"

ይስቃል። በዚያው መሐል የሚበላውን፣ የሱቅ ጎረቤቱን፣ ሲመሽ የሚፈራውን መንገድ ነገረኝ። በፊት አንዱንም አላውቅም ነበር።

ትልቁን ሰክቼ ሳበራው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ምክንያቱን በማግስቱ አገኘሁት። ከፕሮሰሰሩ፣ ከኮምፒውተሩ አንጎል፣ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሶኬት ባዶዋን ቀርታለች። ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ጥቁር ሽቦ ያለው መሰኪያ የእሷ ነው። ክር ሲለይ የኖረ ዓይን ይህን ይስታል? ግን አልሰካሁትም። ኮምፒውተሩ ከበራ ኑረዲንን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ስንት ሳምንት እንደገፋሁ እንጃ።

አንድ ዓርብ ግን መደበቁ ከበደኝ። "ኑረዲን፣ ያቺ ትንሿ ሶኬት ሳትሆን አትቀርም" አልኩት።

"አውቃለሁ አባ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አይቻታለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ?"

ሰካኋት። ቀጭ አለች፤ ስክሪኑ በራ። በል አማናህ ድኗል አልኩት። ጀዛከላህ አባ አለኝ። ስልኩን ዘጋን። በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ከተማ ልዛወር ነው ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም። ኔትወርክ ይሆናል እላለሁ።

ሰው የተበላሸ ይጠገን ይላል። ይበል። እኔ በየዓርቡ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ኮምፒውተሩን አበራለሁ። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጠዋለሁ፣ ትንሽ እንኳ ቢያቃስት ብዬ። እንደ ጎረምሳ ይነሳል፤ አልበላሽ አለ። የኑረዲንን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ኮምፒውተሩ የዳነ ዕለት ነው።