ፍየሏ እኔ ነኝ?

ግጥም በሚሸጥበት ገበያ ሁሉ፣ ግጥሙ ስለ እሱ የተጻፈ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ስለ ዘንዶ ብትጽፍ «ምን አድርጌህ ነው?» ይልሃል። ስለ ዝናብ ብትጽፍ «ጣሪያዬ እንደሚያፈስ ማን ነገረህ?» ይልሃል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ግጥም እየጻፍኩ፣ በስምንት ገጽ እያሳተምኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሐል ሲባጎ ላይ አንጠልጥዬ እያዜምኩ ስሸጥ ነው፤ የዚህን ዓይነት ሰው በየከተማው አይቻለሁ። የሁሉም ንግሥት ግን የእኛዋ የፔድራ ሞልያዳዋ ክብርት ዶና ፔርፔቱዋ ነበሩ። ፔድራ ሞልያዳ፣ የመንደራችን ስም፣ በቋንቋችን እርጥብ ድንጋይ ማለት ነው። ድንጋዩስ አለ፤ እርጥበቱን ያየ ሰው ግን የለም።

ዶና ፔርፔቱዋ ልጄን ክርስትና ያነሱ ናቸው፤ ስለዚህ አበልጅ ነን። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫቸው ከራሳቸው ቀድሞ ገበያ የሚደርስ ሴት ነበሩ። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገራችን ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ጃንጥላው ለፀሐይም ለገጣሚም ያገለግል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ማተሚያ ቤቱም ነገር አባብሷል። ለሽፋን የሚሆን፣ እንጨት ላይ የተቀረጸ የሴት ሥዕል የነበራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ሻሽ ያሰረች፣ አፍንጫ ረጅም ሴት። ግጥሙ ስለ ንግሥት ይሁን ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ሙሽራ ይሁን ስለ ሰይጣን አማት፣ ሽፋኑ ላይ ብቅ የምትለው እሷው ናት።

አንድ ቅዳሜ፣ ጨው ነፍጋ ፍየል ስለሆነች ሴት የሚያወራ አዲስ ግጥም ይዤ ወጣሁ። ለማኝ ጨው ይለምናታል፤ «የለኝም» ልትል አፏን ስትከፍት «ሜእእ» ይወጣታል። ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ፣ ጥቁሩ ጃንጥላ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣ።

«አበልጅ ኦታሲሊዮ፣ ፍየሏ እኔ ነኝ?»

«ኧረ ዶና ፔርፔቱዋ! ፍየሏ ፍየል ናት እንጂ።»

«ጨው የነፈግሁት ማንን ነው? ስም ጥራ!»

«ማንንም አልነፈጉም። ቅድስት ሪታን! እርስዎ አይደሉም።»

«አፍንጫዋስ?»

«የማተሚያ ቤቱ ነው።»

«የኔን አፍንጫ ወስደህ ማተሚያ ቤት አስቀመጥከው በለኛ!»

አጠገቤ ሥጋ የሚሸጠው ዴኦዳቶ ቢላውን እያፋጨ፣ «ዶና ፔርፔቱዋ፣ አንዴ ሜእእ ይበሉልንና ከድምፅዎ እንለይ!» አለ። ጃንጥላው ለጥቂት ሳተው።

ተቆጥተው ሄዱ። በማግስቱ ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤት ለቤት እየዞሩ ለመንደሩ ሁሉ ጨው አደሉ። ባለቤቴ ኢዛውራ ጣሳ ሙሉ ተቀብላ ስትገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ቀጥለህ ሥጋ ስለ ነፈገች ሴት ጻፍ» አለችኝ።

እንዲህ ነበሩ። ምላሷ ላይ ጊንጥ ጎጆ ስለሠራባት ሐሜተኛ ባዜምኩ ጊዜም እሳቸው እንዳልሆኑ አስማሉኝና፣ ዐቢይ ጾምን ሙሉ አፋቸውን ዘጉ። መንደሩ ወሬ አጥቶ ሊታመም ደረሰ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ላም እንደወለደች የሚነግረን ጠፋ። ፋሲካ ሲደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው ሄደው፣ እግራቸው ላይ ወድቀው ነው አፋቸውን ያስከፈቷቸው።

ስለ ክፉ እንጀራ እናት ያሳተምኩ ዕለት ግን አልተቆጡም። እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሟች ባላቸው ከፊተኛይቱ ሚስቱ የወለዳቸውን ሁለት ልጆች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹ ያን ጊዜ ጢም የሚላጩ ጎረምሶች ነበሩ። ታላቁ ቫልዴማር በኋላ እንደነገረኝ፣ ራት ላይ ቦሎቄውንና የካሳቫውን ዱቄት አቅርበው ሳይቀመጡ ቀሩ።

«እናንተ ልጆች፣ በድዬአችኋለሁ?»

«ኧረ እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ኦታሲሊዮ ከመሬት ተነሥቶ አይጽፍም። የበደልኳችሁ ካለ አሁን ንገሩኝ።»

ቫልዴማር ሊስቅ ብሎ ቀና ሲል ፊታቸውን አየና ተነሥቶ ወንበራቸውን ሳበላቸው። ይህን ከነገረኝ በኋላ እኔም የጃንጥላውን ነገር እያነሣሁ መሳቁን ተውኩት።

ከዚያ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ሳይዘንብ ያለፈበት ዓመት መጣ። በእኛ አገር እስከዚያ ቀን ያልዘነበ ሰማይ ከዚያ ወዲያ አይለመንም። ኩሬው ተሰነጣጠቀ፤ አህዮች መንገድ ላይ ቀሩ። በመንደሩ ያልደረቀው የዶና ፔርፔቱዋ የውሃ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ቄሱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ጉድጓዷን ስለ ቆለፈች ሴት አንድ ነገር ብትጽፍ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

ብዕር ሳላነሣ ዶና ፔርፔቱዋ የግቢያቸውን መዝጊያ ከነማጠፊያው አስነቅለው አጥር ሥር አስደገፉት። «ከፈት ዘጋ ማድረጉ ወገቤን ፈጀው» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። መንደሩ በሙሉ ከዚያ ቀዳ። ውሃው ሲያንስ የከለከሉት ሰውን ሳይሆን የገዛ ፍየሎቻቸውን ነው። ፍየሎቹ አንድ በአንድ አለቁ። ይህን ያደረጉት ግጥም ሰምተው አልነበረም።

ያኔ ስለ እሳቸው ጻፍኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ግጥም አልወጣኝም። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ማን እንደሆነች ሕፃን እንኳ ያውቃል ብዬ። ክብራቸው ነው ብዬም ለሽፋኑ አዲስ ሥዕል አስቀረጽኩ፤ እመቤታችንን የምትመስል፣ ለስላሳ ፊት ያላት ሴት።

ቅዳሜ ገበያው ሳስቶ ነበር። ዶና ፔርፔቱዋ እንደ ልማዳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው መሐል ላይ ቆመዋል። ድምፄን ጠርጌ ጀመርኩ፤ እዚህ ላይ ደረስኩ፦

«መዝጊያዋን ነቀለች፣ ግቡ ብላ ሁሉ፤
ፍየሎቿ አለቁ፣ ልጆቻችን አሉ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ዴኦዳቶ ቆቡን አወለቀ። ዶና ፔርፔቱዋ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ሰዉ ወደ እሳቸው ሲያይ ግራ ገባቸውና እሳቸውም ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከኋላቸው የታሰረ አህያ ብቻ ነበር።

ስጨርስ ቀስ ብለው መጡ።

«አበልጅ፣ ይቺ ሴት የት አገር ናት?»

«እዚሁ ናት።»

«ፍየሎቿ የሷም አለቁ? ወይኔ! ጉድጓዷስ፣ አሁንም ውሃ አለው?»

«ወደ ማለቁ ነው። ዶና ፔርፔቱዋ፣ እርስዎ ነዎት እኮ።»

ጃንጥላውን ዘቅዝቀው ትክ ብለው አዩኝ። የለመድኩት ቁጣ ቢሆን በወደድኩ፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

«ፍየሏ እኔ ነኝ ወይ ስልህ፣ አይደሉም ብለህ ማልክ። ሐሜተኛዋ እኔ ነኝ ወይ ስልህ፣ አይደሉም ብለህ ማልክ። አሁን አንዲት ደግ ሴት ብትገኝ እርስዎ ነዎት ትለኛለህ? በአሮጊት አይላገጥም፣ አበልጅ።»

«ቅድስት ሪታን! እርስዎ ነዎት!»

«እሳቸው ናቸው! መላው መንደር ያውቃል!» አለ ዴኦዳቶ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ተማክራችሁ ነው። አፍንጫዋን አላያችሁትም? ይኼ የኔ ነው?» ሽፋኑን አፍንጫችን ሥር ደቀኑት። ከዚያ ጠቅልልልኝ ብለው አንድ ገዙና በጉያቸው ይዘው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ጉድጓዱ ነጠፈ። ቀድሞ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ሳኦ ፓውሎ ወርዶ ሥራ ይዞ የነበረው ቫልዴማር መጣና፣ ጭነት መኪና ላይ ድርቁን ከሚሸሸው ሰው ጋር አሳፍሮ ወሰዳቸው። ልጄን መርቀው፣ እኔን ጉንጬን ስመው ሄዱ። ስለ ግጥሙ ግን አንዳችንም አላነሣንም። ምን ብዬ እንደማሳምናቸው እኔም አላወቅሁም።

ባለፈው ሰኔ ቫልዴማር፣ በእኛ አገር በዚያ ወር ለሚከበረው ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ብቻውን መጣ። «እማዬ ዐረፈች» አለኝ። የዴኦዳቶ ድንኳን ሥር ተቀመጥን።

«ያንን ግጥምህን እሑድ እሑድ ልጄ ታነብላት ነበር» አለኝ። «ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታስነብበዋለች። አንቺ ነሽ እኮ እማዬ ስላት ትቆጣኛለች።»

«ምን ትል ነበር?»

ቫልዴማር ድምፃቸውን አስመስሎ ነገረኝ። «‹ይቺ የአገሬ ሴት ናት፤ እዚያው እኛ ጋ ነበረች አሉ። ያን ያህል ዘመን ስኖር አንድ ቀን እንኳ ደጇን ሳልረግጥ መጣሁ፤ ይኼ ነው የሚቆጨኝ› ትል ነበር።»