ስለ ጋሼ መዶሻ የእግር ጥፍር ባለቤትነት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡30። ቦታ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈው ጠረጴዛ ዙሪያ።

የተገኙ፦
1. የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. ሲስተር፣ ከጤና ጣቢያው
3. ጋሼ መዶሻ፣ ጡረተኛ አናጢ፣ የአረጋውያን ተወካይ (በነጠላ ጫማ፣ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው)

ጸሐፊ፦ እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅ የለኝም። ከአምስት አባላት ሦስት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው አንድም ሳይተርፍ ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ጥፍሩ
ጋሼ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው ወዲህ ጥፍራቸው አድጎ ጫማ አላስገባ ስላላቸው፣ ታማ የተኛችው እህታቸው ጋ የሚወስደው ዳገትም በነጠላ ጫማ ስለማይወጣ፣ ካዩዋት ሦስት ወር እንደሆናቸው አስረዱ። «ዕድሜ ልኬን ምስማር ስመታ ኖሬ በጥፍር ልሸነፍ?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሲስተር ጥፍር መቁረጥ ጽዳት ነው፣ ጽዳት ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ነው አሉ። ሰብሳቢው ጥፍር መሬት ሲወድቅ ጽዳት፣ እግር ላይ እስካለ ግን ጤና መሆኑን ገለጹ። ሲስተር «እንግዲያው እኔ ስቆርጥ እርስዎ ከስር ሆነው ይቅለቡ!» አሉ፤ እንዲመዘገብም ጠየቁ፤ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ «ከ» የምትለዋ ፊደል
የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የትብብር ስምምነት «አረጋውያንን ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ፀጉራቸው በቤታቸው እንንከባከባለን» ይላል። ሰብሳቢው «ከ» ማለት ከጥፍር ቀጥሎ ያለው ነው፣ ጥፍሩን አይጨምርም አሉ። ሲስተር ጋሼ መላጣ ስለሆኑ «እስከ»ስ የት ላይ ሊቆም ነው ሲሉ ጠየቁ። ጋሼ «ራሴን ተዉት፣ እግሬ ላይ ቁሙ» አሉ። ወዲያው «ኧረ አትቁሙበት፣ ያመኛል!» ሲሉ አሻሻሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነ፦
ሀ) ጥፍሩ ለጊዜው የማንም እንዳይሆን፤
ለ) ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፤
ሐ) ጋሼ እስከዚያው ጥፍራቸውን እንዳያሳድጉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ንዑስ ኮሚቴው ሲመረጥ እርሳሴ ወደቀብኝና ጥፍር መቁረጫዬን ይዤ ጠረጴዛው ስር ገባሁ፤ ትንሽ ቆየሁ። ሰብሳቢው «ምንድነው ቀጭ ቀጭ የሚለው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «ጠረጴዛው ነው፣ ብሎኑ ላልቷል፤ ለአናጢ ይተዉት» ሲሉ መለሱ። ከዚያም ጫማቸውን አጥልቀው ተነሡና «ተባረኪ የኔ ልጅ። እናንተ ተወያዩ፣ እኔ እህቴ ጋ ነኝ» ብለው ወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ሁለት አባላት ብቻ ስለቀሩ፣ ምልዓተ ጉባኤውም በገዛ እግሩ ስለሄደ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ ስብሰባው 5፡40 ላይ ተበትኗል። መሬት የወደቀው ጥፍር በሰብሳቢው ቃል መሠረት ለማዘጋጃ ቤቱ ተትቷል።