ገመና በጆንያ

ሰው ስለ ስልኩ፣ ስለ ኪሱና ስለ ጓዳው ምስጢር ሲጨነቅ እሰማለሁ፤ ስለ ቆሻሻው የሚጨነቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ሞኝነት ነው። እናንተ ስለ ራሳችሁ የምታወሩትን ሁሉ ውሸት ሊያደርግ የሚችለው ያ በር ላይ ያቆማችሁት ጆንያ እኮ ነው። «መጠጥ ካቆምኩ ቆየሁ» ትላላችሁ፤ ጠርሙሱ እዚያ አለ። «ስኳር አይስማማኝም» ትላላችሁ፤ የከረሜላው ወረቀት እዚያ አለ። እኔ ራሴ ለባለቤቴ «ሎተሪ የሰነፍ ተስፋ ነው» እያልኩ የምሰብክ ሰው ነኝ። ታዲያ ያልወጣልኝን ሎተሪ በአራት ቀድጄ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር የምቀብረው ለምን ይመስላችኋል?

መርካቶ ደግሞ ለዚህ ነገር ክፉ ሰፈር ነው። እዚህ እናንተ የጣላችሁትን የሚያነሳ አይጠፋም። ጀሪካኑ፣ ቆርቆሮው፣ ካርቶኑ፣ የተሰበረው የጃንጥላ ዘንግ ሳይቀር ገዢ አለው። እኔም ሲኒማ ራስ አካባቢ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ነኝና በዚህ አልከፋም፤ ይውሰዱት፣ ይሽጡት፣ እንጀራ ይብሉበት። ነገር ግን ዕቃዬን መውሰድ ሌላ፣ እኔን ማንበብ ሌላ። እኔ የጣልኩት ቅርፊቱን ነው እንጂ ገመናዬን አይደለም። ይህን የሚቃወም ካለ ሱቄ ድረስ ይምጣ፤ በርጩማ አለ፣ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።

የእኛ ግቢ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው ጋሼ ታምራት ናቸው፤ ሌላ አባል የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወንበር ሲያዩ እግሩ ሥር ቁጥር ይፈልጋሉ። ክፉ አይደሉም፣ ይህን ልመስክር፤ ቧንቧው ሲበላሽ ቀድመው የሚሮጡት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በእውነተኛ በደል ነው። ቆሻሻችንን በየሳምንቱ ከሚወስዱልን ሴቶች አንዷ፣ ከእኛው ግቢ ጆንያ ውስጥ በነበረ የብርጭቆ ስባሪ እጇ ክፉኛ ተቆረጠ። ሁላችንም አፈርን። ጣዩ ግን አልታወቀም። በማግስቱ ጋሼ ታምራት ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ወጡና እያንዳንዱ ቤት በጆንያው ላይ ስሙ ይጻፍበት አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

«ጋሼ፣ ስባሪው በካርቶን ይጠቅለል፣ ለብቻው ይቀመጥ ማለት አይበቃም?» አልኳቸው።

«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?»

«ንጹሕ ሰው ልብስ የሚለብሰውስ ለምንድን ነው?»

ስሜን ራሳቸው በጉልህ ጻፉልኝ። ጽሕፈታቸው ያምራል።

ስም የጻፈ እጅ ደግሞ በዚያ አይቆምም። «ስባሪ ይኖር እንደሆን» እያሉ በየቅዳሜው ማለዳ፣ ሰብሳቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ጆንያ ሁሉ እየከፈቱ በዘንግ ያማስሉ ጀመር። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሁዳዴ ገባ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከአንድ ጆንያ ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት በዘንጋቸው ጫፍ ብቅ አለ። ጆንያው ላይ ያለው ስም የወይንሸት ነበር።

ወይንሸት የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ወጣት ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያን ጊዜ እኛ ያላወቅነውን፣ አሁን ምስጢር ስላልሆነ ልንገራችሁ። አርግዛ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛለች፤ ሁለት ጊዜ ግቢው በሙሉ እልል ብሎላት፣ ሁለት ጊዜ ያው ግቢ ተመልሶ አብሯት አልቅሷል። በሦስተኛው፣ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ለማንም ትንፍሽ ላትል ማለች። ጤና ጣቢያው እንቁላል ብይ ብሏታል፣ የነፍስ አባቷም ፈቅደውላታል። ያቺን ቅርፊት ግን የት ትደብቃት?

«በሁዳዴ!» አሉ ጋሼ ታምራት፣ ዘንጉን ከፍ አድርገው። «በጾም እንቁላል! ለነፍስ አባትሽ ሳልነግር አልውልም!»

ባልዲ ይዞ ቧንቧው ዘንድ የተሰለፈው ሁሉ ወደ ወይንሸት ዞረ። ወይ ጾም ሻሪ መባል ነው፣ ወይ ያንን ነገር መናገር። እጇ ወደ ሆዷ ሄደና እንደ ደነገጠ ተመለሰ። ይህን እኔ አላየሁም፤ ባለቤቴ ናት ያየችው። እትዬ ዘይነባም አይተዋል መሰለኝ።

እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቅመም ነጋዴ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሙስሊም። ባልዲያቸውን አስቀመጡና፣

«እንቁላሉ የኔ ነው። ጆንያዬ ቢሞላብኝ እሷ ዘንድ ጨመርኩት» አሉ።

የእትዬ ዘይነባ ጆንያ እዚያው አጠገባችን ግማሹ ባዶ ሆኖ ተልፈስፍሶ ተቀምጧል። ሁላችንም አየነው።

«የእርስዎ ጆንያ መች ሞላ?» አሉ ጋሼ ታምራት።

«የኔንስ ጆንያ ማን እይ አለዎት?»

በዚህ ጊዜ እኔ ደሜ ፈላ። የራሴን ጆንያ አንስቼ እግራቸው ሥር ገለበጥኩት። «ይኸው ጋሼ፣ ያንብቡኝ! ከላይ ጀምረው ያንብቡኝ!» አልኩ። የሽንኩርት ልጣጩ ተበተነ፣ ሎተሪዎቼም ተከትለው ተበተኑ። ጋሼ ታምራት አላነበቡኝም። ባለቤቴ አነበበችኝ። ግቢውን ጠርጌ ስጨርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ቤት ውስጥ የጠበቀኝን አልነግራችሁም። ዛሬም ቢሆን እገለብጠዋለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የእትዬ ዘይነባ ጆንያ መወፈር ጀመረ። ወይንሸት በጥቁር ፌስታል እያሰረች ታመጣለች። ቀጥሎ ደግሞ የጨጓራ በሽተኛዋ ጎረቤታችን መጣች። ቀጥሎ፣ ስሙን የማልነግራችሁ፣ ጨጓራውም ሌላውም ደህና የሆነ አንድ ጎረምሳ መጣ። እትዬ ዘይነባ ይቀበላሉ፣ ጆንያቸው ውስጥ ይጨምራሉ፣ አፉን ያስራሉ። ከሰብሳቢዎቹ አንዷ ጆንያውን ስታነሳ፣ «እትዬ፣ ዶሮ እርባታ ከፈቱ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እንቁላል እወዳለሁ» አሉ፣ አንዲት ብቸኛ ሴት።

ወይንሸት ለፋሲካ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ሆዷ በራሱ ጊዜ ተናገረ፤ እኛም በራሱ ጊዜ እልል አልን። አሁን ልጇ ጥርስ እያወጣ ነው።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከፋሲካ በፊት ያየሁትን ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ ደጃፌ ተቀምጬ ዚፕ እየቆጠርኩ ሳለ ጋሼ ታምራት ጋቢያቸውን አጣፍተው ግቢውን አቋረጡ። አላዩኝም። እትዬ ዘይነባ በር ላይ ሲደርሱ ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ ጥቁር ፌስታል አወጡ።

«ሐኪም ነው ያዘዘኝ እትዬ ዘይነባ፤ ይኼ ሳል አልለቅ ብሎኝ...» ብለው ጀመሩ።

እትዬ ዘይነባ ፌስታሉን ሳያዩት ጆንያው ውስጥ ጣሉና አፉን አሰሩት።

«አልጠየቅኩዎትም» አሏቸው።