ሦስት ጊዜ የነገሡት እትዬ አስካለ

ሰው ወንበር የሚወደው ሲደክመው ለመቀመጥ ይመስላችኋል? እንዲያማ ቢሆን ሶፋ ይበቃው ነበር። እኛ ደግሞ ሦስት ሆነን ከተገናኘን ማኅበር እናቋቁማለን፤ አራተኛ ሰው ሲጨመር ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አባቶቻችን ቢያንስ የሚበላ ነገር ነበራቸው። በሚኒሶታ የመረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር መሆን የሚያስገኘው በረዶ እየረገጡ ለቅሶ ቤት መሄድና ሐሜት ብቻ ነው። ለዚህችው ነው እንግዲህ የተፋጀነው።

ማኅበሩን ያቋቋሙት ጋሽ ታፈሰ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ጥፋታቸው እሞታለሁ ብለው አለማሰባቸው ነው፤ ምክትል እንኳ ሳይኖራቸው ዐረፉ። ገና ሐዘኑ ሳይወጣ ሁለት ሰዎች ወንበሩን በዓይናቸው መለካት ጀመሩ። አንደኛው ዱሮ መቶ አለቃ የነበሩት፣ አሁን ኤርፖርት ላይ ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ዳኜ ናቸው። ሁለተኛው በርንስቪል ከተማ ሱቅ ያላቸው አቶ ኸድር። አንዱ ክርስቲያን ሌላው እስላም ስለሆኑ በሃይማኖት የተጣሉ እንዳይመስላችሁ። ወንበር ሃይማኖት የለውም።

ጋሽ ዳኜ ድምፅ እንደማይበቃቸው ሲያውቁ ብልሃት መጣላቸው። የሟቹን ባለቤት እትዬ አስካለን አስመረጡ። «ለስሙ እርስዎ ይቀመጡ፤ ሥራውን ለኛ ይተዉት» አሏቸው። እትዬ አስካለ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ዓመት ሳይሞላ አቶ ኸድር «ባይሎው፣ መተዳደሪያ ደንባችን፣ ተጥሷል» ብለው አወረዷቸውና ራሳቸው ተቀመጡ።

በዚያን ጊዜ ክሪስታል በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። የሥራ ሺፍት የምንጋራው ሱኒል የሚባል የስሪላንካ ሰው፣ ያገሩን ታሪክ ከጀመረ ምሳው የሚቀዘቅዝበት ነው። የኛን ጉድ ስነግረው ሹካውን አስቀመጠ።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለኝ።

«ከየት?»

«ካገሬ። ከሞተች ስምንት መቶ ዓመት ሆኗታል።»

ሱኒል እንደነገረኝ፣ ባገራቸው ትልልቅ ግድቦችን የሠራ ኃያል ንጉሥ ነበረ። እሱ ሲሞት ዘውዱ የእሳት ፍም ሆነ፤ የያዘው ሁሉ ይቃጠላል። አንዱ አንዲት ሌሊት ነግሦ ተገደለ። ሌላው ዓይኑ ወጣ። በመጨረሻ አንድ የጦር አለቃ የዚያን የኃያሉን ንጉሥ ሚስት አነገሣትና ከጀርባዋ ሆኖ ገዛ። አወረዷት። ሌላ የጦር አለቃ መልሶ አነገሣት። አሁንም አወረዷት። ሦስተኛው አነገሣት፣ ሦስተኛ ጊዜም ወረደች። ትንሽ ቆይቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ባዕድ ጦር ዋና ከተማቸውን ዘርፎ አወደመው፤ የሚጣሉበት ዙፋንም አልተረፈ።

በሳቅ ሞትኩ። «እኛ እንኳ እንዲህ አንሆንም» አልኩት።

ሆንን። አቶ ኸድር ከገዛ ደጋፊዎቻቸው ተጣልተው ሲዳከሙ ጋሽ ዳኜ እትዬ አስካለን መልሰው አስቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ልባቸው አበጠና «እሳቸውን ምን አስፈለገን?» ብለው አወረዷቸው፤ ራሳቸው ተተኩ። በዚህ መሀል ጀማል የሚባል የደሴ ሰው እናቱ አገር ቤት ሞተችበት። መርዶውን የኸድር ወገን ለዳኜ ወገን ተወው፣ የዳኜ ወገን ለኸድር ወገን። ጀማል ብቻውን፣ መሥሪያ ቤቱ ፓርኪንግ ላይ ቆሞ፣ በስልክ ሰማ። በማግሥቱም የመጣለት ሰው አልነበረም።

አገሩ ሁሉ አፈረ። ጋሽ ዳኜ በዚህ ሲወቀሱ አቶ ኸድር ጊዜ አላጠፉም፤ ያኔ ወዳወረዷቸው ወደ እትዬ አስካለ ቤት ብርቱካን ይዘው ሄዱ። «እናታችን እርስዎ ነዎት» አሉ። ባይሎው ትዝ ያለው የለም፤ አዲስ ምርጫ ተጠራ።

በምርጫው ቀን እትዬ አስካለን በመኪናዬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ የንግሥቲቱን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ነገ መልሰው ያወርዱዎታል ለማለት አፍሬ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ሴትዮዋስ? እሷ ምን አለች?»

«ሱኒልን ጠይቄው ነበር። የጻፈላት የለም አለኝ።»

«አዬ!» አሉና በመስኮቱ ወደሚታየው ወንዝ ፊታቸውን አዞሩ።

በጭብጨባ ተመረጡ። አቶ ኸድር ንግግር ሊያደርጉ ሲነሡ እትዬ አስካለ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧቸው።

«ሦስት ጊዜ ስታስቀምጡኝ ምን ታስቢያለሽ ያለኝ የለም» አሉ። «ዛሬ ሳልጠየቅ ልናገር። ጀማል፣ ልጄ፣ አንተን ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገ ሁላችንም ቤትህ እንመጣለን። ጋሽ ዳኜ ጦር መርተዋል፤ ከእንግዲህ የሐዘንተኛ ደጅ በረዶ የሚያስጠርጉ እሳቸው ናቸው፤ አካፋም ይይዛሉ። አቶ ኸድር ዕቃ አያያዝ ያውቃሉ፤ የለቅሶ ቤት ድስት ማጠብ የሳቸው ነው። እምቢ የሚል አለ?»

ሁለቱ ጀግኖች ተያዩ። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ነገር፣ እምቢ በማለት፣ ሊስማሙ ነበር፤ ግን ቀድማ ያጨበጨበችው የጋሽ ዳኜ ሚስት ሆነች፣ የአቶ ኸድር ሚስት ተከተለቻት፣ ከዚያ በኋላማ አፉን የሚከፍት ወንድ ከየት ይምጣ?

እውነቱን ለመናገር ማኅበሩ ማኅበር የሆነው ያን ጊዜ ነው። የታመመ ተጠየቀ፣ የሞተበት ሰው ብቻውን አላደረም። አቶ ኸድር ድስት ሲያጥቡ አይቻለሁ፤ ጥሩ ያጥባሉ።

ብቻ የእትዬ አስካለ የሥልጣን ዘመን አለቀ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ምርጫ የሚባል ቃል ጠፋ። ጎምቱዎቹ ተሰብስበው ማን ይንገራቸው ሲባባሉ፣ «አንተን ይወዱሃል» ተብዬ እኔ ተላክሁ። ሻይ ቀዱልኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ባይሎው ምናምን ብዬ፣ የመውረጃቸው ጊዜ መድረሱን እንደምንም ተነፈስኩ።

ስኳሩን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ ፈገግ ብለው፣ «መውረዱን ሁለቴ ቀምሼዋለሁ። አልተስማማኝም።»